የወገብ ሕመምና ቪታሚን ዲ፤ በአንድ ስመ ጥር ጥናት ላይ የቀረበ ሂስ

ወገቡን አሞት የማያውቅ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ገበሬው ሲያርስ ውሎ፣ እንጨት ለቃሚዋ ሸክሟን ከተራራ አውርዳ፣ ጸሓፊው ደግሞ ከወንበሩ ሳይነሣ ውሎ ማታ ወደ ቤታቸው ሲገቡ ሦስቱም እጃቸውን ወደ አንድ ስፍራ ይልካሉ፤ ያም ስፍራ ወገብ ነው። በ2023 ዓ.ም. የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ግምት በ2020 ዓ.ም. የወገብ ሕመም የነበረበት ሕዝብ 619 ሚሊዮን እንደነበረና በ2050 ዓ.ም. 843 ሚሊዮን ሊደርስ እንደሚችል ያመለክታል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልን እንለምናለን።)

ሕመሙ ከ3 ወር በላይ የቈየ እንደሆነ ሐኪሞች ሥር የሰደደ ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከ10 ታማሚዎች በ9ኙ ያህል ላይ ለሕመሙ ይህ ነው የሚባል የተለየ ምክንያት አይገኝም። ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም ደግሞ መካሪው ብዙ ነው። አንዱ መታሸትን፣ አንዱ ጠበልን፣ አንዱ ጠንካራ ፍራሽን ያዝዛል። ከ20 ዓመት ወዲህ ግን በዚህ ሁሉ ምክር ላይ ከላቦራቶሪ የመጣ አዲስ ቃል ተጨምሯል፤ ይኸውም «በደምዎ ውስጥ ቪታሚን ዲ አንሷል» የሚለው ነው።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን ነገር ከቤታችን የመጣ ነው። ከእኛ መካከል የአንዳችን እናት ሁለት ዓመት ሙሉ ወገባቸውን ሲያማቸው ቈይተው ወደ አንድ ክሊኒክ ሄዱ። ደማቸው ተመረመረ፤ የቪታሚን ዲ መጠናቸውም 12 ሆኖ ተገኘ። «እማማ፣ በሽታዎ ተገኝቷል» ተባሉ። ከዕቁብ የደረሳቸውን ገንዘብ ለምርመራውና ለመድኃኒቱ ከፈሉ። ከወራት በኋላ ሁለተኛ ሲመረመሩ መጠኑ 34 ደርሶ ነበርና ሐኪሙ ደስ አለው። እርሳቸው ግን ወደ ቤት ሲመለሱ «ቍጥሩስ ዳነ፤ ወገቤ ግን አልዳነም» አሉን። እኛም ይህን ቃል ከሰማን በኋላ «በሽታዎ ተገኝቷል» የሚለው ፍርድ ከየት እንደመጣ ለመመርመር ተነሣን።

የአንዲት እናት ታሪክ ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል እናውቃለን። መድኃኒቱን ወስዶ «ዳንሁ» የሚል ሌላ ሰው ቢመጣም የእርሱም ታሪክ እንደዚሁ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ወሬውን ትተን ወደ ጥናቱ እንሂድ።

1. ቪታሚን ዲ ምን እንደሆነ

ቪታሚን ዲ ከሌሎቹ ቪታሚኖች የሚለየው የሚበዛው ከምግብ ሳይሆን ከቆዳ የሚገኝ በመሆኑ ነው። ከፀሐይ ብርሃን ጋራ የሚመጣው፣ ዐይን የማያየው አልትራቫዮሌት ቢ የተባለው ጨረር ቆዳን ሲመታ በቆዳው ውስጥ ያለውን የኮሌስትሮል ዘመድ የሆነ ነገር ወደ ቪታሚንነት ይለውጠዋል። ቪታሚኑም በመጀመሪያ በጉበት፣ ቀጥሎም በኩላሊት ተለውጦ ለሥራ ዝግጁ ይሆናል። ዋና ሥራው አንጀት ከምግብ ውስጥ ካልሲየምንና ፎስፈረስን እንዲቀበል መርዳት ነው። በላቦራቶሪ የሚለካው በጉበት የተለወጠው፣ ካልሲዲዮል የተባለው ዐይነት ነው።

በ1919 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ሜላንቢ የሕፃናትን አጥንት የሚያጣምመው ሪኬትስ የተባለው በሽታ ከምግብ ጉድለት ሊመጣ እንደሚችል በውሾች ላይ ባደረገው ሙከራ አሳየ። በ1922 ዓ.ም. አሜሪካዊው ማኮለም በዓሣ ጉበት ዘይት ውስጥ ያለው ፈዋሽ ነገር ራሱን የቻለ ቪታሚን መሆኑን አሳየ፤ እርሱም ቪታሚን ዲ ተባለ። እናቶቻችን ግን ሕፃኑን በጧት ፀሐይ ማሞቅን ከእነዚህ ሊቃውንት አልተማሩትም።

ጉድለቱ በዐዋቂ ላይ በብርቱ ሲጸና ኦስቲዮማላሲያ የተባለውን የአጥንት መለስለስ ያመጣል። የዚህ በሽታ ምልክቶች የታወቁ ናቸው። ወገብን፣ ዳሌንና እግርን ያማል፤ የጭን ጡንቻ ይደክማል፤ ከተቀመጡበት መነሣትና ደረጃ መውጣት ይከብዳል፤ አረማመድም እንደ ዳክዬ አረማመድ ይወዛወዛል። በደም ምርመራ አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለው ኤንዛይም ከፍ ይላል፤ ካልሲየምና ፎስፈረስም ሊወርዱ ይችላሉ። ይህ በሽታ እውነተኛ ነው፤ በቪታሚኑም ይድናል። ስለዚህ «የወገብ ሕመም ከቪታሚን ዲ ጉድለት ሊመጣ ይችላል» የሚለው አሳብ መሠረት የሌለው አይደለም። ክርክራችን ከአሳቡ ጋራ ሳይሆን አሳቡ ከሚገባው በላይ ከመስፋፋቱ ጋራ ነው።

2. ጥናቱ የሚለው

አሳቡን በሰፊው ካሠራጩት ጽሑፎች አንዱ አል ፋራጅና አል ሙጣይሪ የተባሉ ሐኪሞች በሳዑዲ ዐረቢያ አድርገውት በ2003 ዓ.ም. ስፓይን በተባለው የአከርካሪ ሕክምና መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ነው። በ6 ዓመት ጊዜ ውስጥ ወደ አከርካሪና ወደ ውስጥ ደዌ ክሊኒኮች ከመጡት በሽተኞች መካከል ግልጽ ምክንያት ሳይገኝለት ከ6 ወር በላይ ወገባቸውን ያመማቸውን 360 ሰዎች መረጡ። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 52 ዓመት ነው፤ 90 በመቶው ሴቶች ናቸው። ደማቸው በተመረመረ ጊዜ 299ኙ፣ ማለት 83 በመቶው፣ የቪታሚን ዲ መጠናቸው ዝቅተኛ ሆነ። ለሁሉም ቪታሚኑ ተሰጣቸው። ከሕክምናው በኋላ ዝቅተኛ መጠን የነበራቸው ሁሉ እንደተሻላቸው፣ በጠቅላላውም ከ360ው 341ዱ፣ ማለት 95 በመቶው፣ እንደተሻላቸው ደራሲዎቹ ገለጹ።

ከዚህ ተነሥተው ጉድለቱ በተስፋፋበት አገር የቪታሚን ዲ ማነስ ለሥር ሰደድ የወገብ ሕመም ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነው ብለው ደመደሙ። በእንዲህ ያለው አገር ምርመራውና ሕክምናው ግዴታ መሆን እንዳለበትም አሳሰቡ።

በዚያ አገር በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶቻችን ብዙዎች ስለሆኑ ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ቀኑን በቤት ውስጥ ሲያነሡና ሲጥሉ የሚውሉ፣ ፀሐይንም በመስኮት የሚያዩ ናቸው። ጥናቱ እውነት ከሆነ ለእነርሱ ታላቅ የምሥራች ነው፤ ስሕተት ከሆነ ግን ወገባቸውን ያሳመመው የሥራ ብዛት በክኒን ተሸፍኖ ይቀራል።

ደራሲዎቹ ሊመሰገኑ እንደሚገባ አስቀድመን እንመስክር። «ምንም የለብሽም» ተብለው ከየሐኪሙ የሚመለሱትን ሴቶች ሕመም ሳይንቁ ደማቸውን መመርመራቸው የሚያስመሰግን ነው። የሚከተለው ሂሳችን ይህን ምስጋና የሚቀንስ አይደለም።

3. በቍጥሮቹ ውስጥ የተሰወረው

እስቲ የጥናቱን ቍጥሮች በእርሳስና በወረቀት እንቍጠራቸው። በሽተኞቹ 360 ናቸው፤ መጠናቸው ዝቅተኛ የነበረው 299 ናቸው፤ እንግዲህ መጠናቸው በቂ የነበረው 61 ናቸው ማለት ነው። የተሻላቸው 341 ናቸው። ዝቅተኛ መጠን የነበራቸው 299ኙ ሁሉ ከተሻላቸው፣ ከ341 ላይ 299 ሲቀነስ 42 ይቀራል። እነዚህ 42 ሰዎች ከየት መጡ? ጉድለት ከሌለባቸው ከ61ዱ መካከል ከመምጣት በቀር ሌላ መንገድ የላቸውም።

ስለዚህ ቪታሚኑ ካልጐደለባቸው ሰዎች ከ100 69ኙ ቪታሚኑን ወስደው ተሻላቸው ማለት ነው። ማድጋው ሙሉ ለሆነ ሰው ውኃ ቢጨምሩለት ጥሙ እንዴት ይቈረጣል? ሕመሙ በጉድለቱ ምክንያት የመጣ ከሆነ ጉድለት የሌለበት ሰው ጉድለትን በሚሞላ መድኃኒት ሊድን አይገባውም ነበር። እነዚህን 42 ሰዎች ያሻላቸው ሌላ ነገር ነው። ያ ሌላ ነገር ደግሞ በ299ኙ ላይ አልሠራም የምንልበት ምክንያት የለንም።

አንባቢ «ሆኖም 100 በመቶ ከ69 በመቶ ይበልጣል» ሊለን ይችላል። እውነት ነው፤ ይበልጣል። ነገር ግን በሽተኛው «ቪታሚንሽ አንሷል፤ መድኃኒቱ ይኸው» ተብሎ በተነገረው ጊዜ ተስፋው የሚበረታው መጠንሽ ደኅና ነው ከተባለው ይልቅ ነው። ሕመም ደግሞ እንደ ትኵሳት በመሣሪያ አይለካም፤ ታማሚው «ተሻለኝ» ሲል ነው የሚታወቀው። ይልቁንም 299 ሰዎች ታክመው 299ኙም ተሻላቸው የሚለው ቃል ደስ ከማሰኘቱ በፊት ሊያስጠረጥረን ይገባል። ለወገብ ሕመም ከሚሰጡት መድኃኒቶች ሁሉ ማንንም ሳይስት ሁሉን የሚያሽል እስከ ዛሬ አልታየም።

ሌላም ነገር አለ። ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው ሕመሙ በጸናበት ሰሞን ነው። ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም አንድ ሰሞን ይበረታል፤ አንድ ሰሞን ይለዝባል። በበረታበት ቀን የተመዘገበ ሰው ከ3 ወር በኋላ ቢጠየቅ ምንም ባይወስድ እንኳ የተሻለው ሆኖ የመገኘቱ ነገር የታወቀ ነው። ይህን ለማወቅ የሚቻለው በሽተኞቹን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለግማሹ ቪታሚኑን፣ ለግማሹ መልኩና ጣዕሙ ያንኑ የሚመስል ባዶ ክኒን በመስጠት ነበር። በጥናቱ ውስጥ ይህ አልተደረገም።

4. የጐረቤት መጥፋት

«ወገባቸውን ከሚያማቸው ሰዎች 83 በመቶው ቪታሚን ዲ አንሷቸዋል» የሚለው ቃል በመጀመሪያ ሲሰሙት ያስደነግጣል። ግን ወገባቸውን የማያማቸው ጐረቤቶቻቸውስ? በአንድ መንደር ካሉት ሰዎች ሁሉ 80 በመቶው ጥቁር ጫማ የሚያደርጉ ቢሆኑ፣ ወገባቸውን ከሚያማቸውም መካከል 80 በመቶው ጥቁር ጫማ አድርገው ይገኛሉ። ጫማው ግን ወገብ አላሳመመም።

ጐረቤትን ለመጠየቅ የሞከረ ጥናት በግብፅ ተደርጎ በ2007 ዓ.ም. ታትሟል። ወገባቸውን የሚያማቸው 60 ሴቶችና የማያማቸው 20 ሴቶች ደማቸው ተመረመረ። ከታማሚዎቹ 81 በመቶው ዝቅተኛ መጠን ነበራቸው። ካልታመሙትስ? 60 በመቶው። ልዩነት አለ፤ ነገር ግን 81 ብቻውን ቆሞ ሲታይና 60 ከአጠገቡ ቆሞ ሲታይ የሚሰጡት ስሜት አንድ አይደለም። ከ20ዎቹ ጤነኞች 12ቱ ጉድለቱን ተሸክመው ወገባቸውን ሳያማቸው ይኖራሉና።

በ2003 ዓ.ም. ከአሜሪካ የወጣው የፕሎትኒኮፍና የኵይግሊ ጥናትም ይኸው እንከን አለበት። ሚኒያፖሊስ በተባለችው ከተማ በጡንቻና በአጥንት ላይ የማይለቅ ሕመም የነበረባቸው 150 ሰዎች ተመርምረው 93 በመቶው ከ20 ናኖግራም ያልበለጠ መጠን ተገኘባቸው። ከምሥራቅ አፍሪቃ የመጡት ስደተኞች ደግሞ አንድም ሳይቀር ዝቅተኛ መጠን ነበራቸው። ይህን ስናነብ ከአገራችን ወጥተው በዚያች ከተማ የሚኖሩት ዘመዶቻችን ትዝ አሉን። ከተማይቱ ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 45 ዲግሪ ላይ የምትገኝ ናት፤ በክረምት ወራት ፀሐይዋ ቪታሚኑን ለመሥራት አትበቃም። ጥቁር ቆዳ ደግሞ ያንኑ ቪታሚን ለመሥራት የበለጠ ፀሐይ ይፈልጋል። ስለዚህ በዚያ የሚኖር ምሥራቅ አፍሪቃዊ ታመመም ዳነም መጠኑ ዝቅተኛ መሆኑ የሚጠበቅ ነው። ጥናቱ የሚነግረን ስለ ሕመማቸው ሳይሆን ስለሚኖሩበት ሰማይ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

በዚህ ላይ «ዝቅተኛ» የሚለው ቃል ራሱ አንድ መለኪያ የለውም። በ2011 ዓ.ም. የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲቱት 20 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ለሕዝቡ ከሞላ ጐደል ይበቃል አለ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር 30 መድረስ አለበት አለ። በግብፁ ጥናት ወሰኑ 40 ነበረ። መጠኑ 25 የሆነ ሰው በመጀመሪያው ሚዛን ጤነኛ ነው፤ በሁለተኛው ጐደሎ ነው፤ በሦስተኛው ደግሞ ጉድለቱ የባሰ ነው። ሰውየው ግን ያው ሰው ነው። በ2024 ዓ.ም. የሆርሞን ሐኪሞቹ ማኅበር 30 ይሁን ያለውን ወሰን ራሱ ትቶታል። ወሰኑ ከፍ ባለ መጠን በሽተኛ ተብሎ የሚጠራው ሕዝብ እንደሚበዛ፣ ምርመራውንና ክኒኑን የሚሸጠውም ገበያ እንደሚሰፋ ልብ ማለት ይገባል።

5. ከሁለቱ ማንኛው ይቀድማል

ጐረቤት ተጠይቆ ልዩነት ቢገኝ እንኳ ሥራችን አያልቅም። ጉድለቱ ነው ሕመሙን ያመጣው፣ ወይስ ሕመሙ ነው ጉድለቱን ያመጣው? ወገቡን ያመመው ሰው እርሻ አይወርድም፤ ገበያ አይሄድም፤ ጥግ ይዞ ይተኛል። በቤት የዋለ ሰው ፀሐይ አይመታውም፤ ፀሐይ ያልመታው ሰው ቪታሚኑ ይወርዳል። ሐኪሙ ደሙን ሲመረምር የሚያገኘው የሕመሙን አባት ሳይሆን ልጁን ሊሆን ይችላል።

ለሁለቱም አንድ ሌላ ወላጅ ሊኖራቸውም ይችላል። ሰውነቱ የወፈረ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው የቪታሚን ዲ መጠን ዝቅ ይላል፤ ወገቡም ከቀጭኑ ሰው ይልቅ ለሕመም የተጋለጠ ነው። እንዲሁም ሰውነት በቍስል ወይም በብግነት ላይ ባለ ጊዜ ይኸው መጠን ይወርዳል። በ2011 ዓ.ም. በታተመ ጥናት የጕልበት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች በጥቂት ቀን ውስጥ መጠናቸው በብዙ ወርዶ ተገኝቷል። በእነዚያ ቀናት ቪታሚኑ ዝቅ ያለው ፀሐይ ስላጡ ሳይሆን ሰውነታቸው ስለ ቈሰለ ነው። ስለዚህ ዝቅተኛ መጠን ብዙ ጊዜ የደካማ ጤና ምልክት እንጂ ምንጭ አይደለም።

አል ፋራጅና አል ሙጣይሪ የካልሲዲዮልን መለካት ጉድለቱን ለመለየት፣ በዚያም በኩል ኦስቲዮማላሲያ አለ ብሎ ለመገመት ይበቃል ብለዋል። በዚህ አንስማማም። ከብዙ ጐደሎዎች መካከል አጥንታቸው የሚለሰልሰው ጥቂቶቹ ናቸው። የድካሙን፣ የአረማመዱንና የኤንዛይሙን ምልክት ሳይመለከቱ ከአንድ ቍጥር ተነሥቶ በሽታ መጥራት፣ ሰማዩ ስለ ጠቈረ ብቻ «ዘንቧል» እንደማለት ነው።

6. ሙከራው የሰጠው መልስ

ከዚህ በላይ ያልነው ሁሉ ጥርጣሬ ነው። ጥርጣሬን የሚፈታው ሙከራ ነው፤ ሙከራውም ተደርጓል። በ2015 ዓ.ም. የታተመ የኢራን ሙከራ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 53 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ወገን በየሳምንቱ 50,000 ዩኒት ቪታሚን ዲ ለ8 ሳምንት ወሰደ፤ ሁለተኛው ባዶውን ክኒን ወሰደ። በመጨረሻ በሁለቱ መካከል በሕመም ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። የሰዎቹ ቍጥር ጥቂት ስለሆነ በዚህ አንድ ሙከራ ብቻ አንፈርድም። ነገር ግን በዚያው ዓመት ኮክሬን የተባለው ማኅበር ስለ ልዩ ልዩ ሥር ሰደድ ሕመሞች የተደረጉ፣ 811 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 10 ጥናቶች መርምሮ ቪታሚኑ ከባዶ ክኒን ይልቅ ሕመምን እንደሚያስታግሥ የሚያሳይ ወጥ የሆነ ማስረጃ አላገኘም።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ሥራ ነው። ዛድሮና ጓደኞቹ በ2017 ዓ.ም. ሰዎችን በመመልከት ብቻ የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስበው ሲደምሩ በቪታሚን ዲ ማነስና በወገብ ሕመም መካከል ግንኙነት መኖሩን አገኙ። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ እነዚያው ሰዎች ቪታሚኑን እየሰጡ የተደረጉትን ሙከራዎች ሰብስበው ሲመረምሩ ለወገብ ሕመም ከባዶ ክኒንም ሆነ ከሌላ ሕክምና የበለጠ እንደማይጠቅም ደመደሙ። ግንኙነት አለ፤ ፈውስ ግን የለም። ሁለቱ ቃላት አይጣሉም። ጥላ ሰውን ይከተላል፤ ጥላን በመጐተት ግን ሰውን ማንቀሳቀስ አይቻልም።

ሚዛናችን እንዳያደላ ይህንም እንጨምር። በሙከራዎቹ ከተሳተፉት መካከል ጉድለታቸው ብርቱ ያልሆነ ሰዎች ይገኙባቸዋል፤ ስለዚህ መጠናቸው እጅግ ለወረደ ሰዎች መድኃኒቱ አይጠቅምም ብለን አንዘጋውም። አጥንቱ ለለሰለሰ ሰው እንደሚጠቅም ቀደም ብለን መስክረናል። የምንቃወመው ወገቡን ያመመው ሁሉ ይመርመር፣ ይህንም ይዋጥ የሚለውን ጅምላ ፍርድ ነው። ቪታሚኑ ከመጠን ካለፈ በደም ውስጥ ካልሲየምን ያበዛል፤ ጥምን፣ ትውከትን፣ የኩላሊት ጠጠርንም ሊያመጣ ይችላል።

7. ስለ አገራችን

«ባለ 13 ወር ፀሐይ» የተባለችው አገራችን ለዚህ ክርክር የምትሰጠው ምስክርነት አለ። በ1999 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ኢትዮጵያውያንን ከኖርዌጃውያን ጋራ ሲያነጻጽር የካልሲዲዮል መጠን ዝቅ ብሎ የተገኘው በእኛ ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአዳማና በአካባቢዋ በ174 ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት 42 በመቶው ጉድለት እንዳለባቸው አሳየ፤ ከከተማ ልጆች 61.8 በመቶ፣ ከገጠር ልጆች ግን 21.2 በመቶ ነበሩ። ወደ እስራኤል በገቡ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ላይም ጉድለቱ በዝቶ መገኘቱና በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ መባሱ በ1995 ዓ.ም. ታትሟል። እንግዲህ ፀሐይ በሰማይ መኖሯ ብቻ አይበቃም፤ ከጣራ በታች የሚውል ሰው ድርሻውን አያገኝም።

ከእነዚህ ጥናቶች ጋራ የሳዑዲውን ድምዳሜ ብናጋጥመው አንድ መልካም ጥያቄ ይወለዳል። የቪታሚን ዲ ማነስ ከወገብ ሕመም ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ከሆነ፣ ፀሐይ ሲመታው የሚውለው የገጠር ሰው ከከተሜው ይልቅ ወገቡን ሊያመው አይገባም። ነገር ግን እንስራ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ፣ ጐንበስ ብላ የምታርም፣ እንጨት በጀርባዋ አድርጋ የምትወርድ ሴት ወገቧን አያማትም ብሎ የሚነግረን ማን ነው? ለእርሷ መድኃኒቱ ክኒኑ ነው ወይስ ቧንቧ ውኃ በደጃፏ መግባቱ?

ይህን ጥያቄ መመለስ ከእኛ አቅም በላይ አይደለም። በአንድ ወረዳ የሚኖሩ፣ ሥራቸውና ዕድሜያቸው የተቀራረበ፣ ወገባቸውን የሚያማቸውና የማያማቸው ሴቶች ጐን ለጐን ተመዝግበው፣ ደማቸው በአንድ ወቅትና በአንድ ላቦራቶሪ ተመርምሮ፣ የሚሸከሙት ሸክም ክብደትና ፀሐይ የሚያገኙበት ሰዓት ተቈጥሮ ቢታይ ብዙ ነገር ይገለጥ ነበር። የሕክምናና የሥነ ሕይወት መምህሮቻችን ይህን ርእስ ለመመረቂያ ጽሑፍ ለሚዘጋጁ ጓደኞቻችን ቢሰጡልን ደስ ይለናል።

8. ማጠቃለያ

በአጭሩ ፍርዳችን ይህ ነው። የ2003ቱ ጥናት የተናቀ ሕመምን ያከበረ፣ መልካም ጥያቄ ያነሣ ሥራ ነው። መልሱ ግን ከማስረጃው በላይ ሮጧል። ማነጻጸሪያ ሳይኖረው ምክንያትን አወጀ፤ ጉድለት የሌለባቸው ሰዎች መሻላቸውን በራሱ ቍጥሮች ውስጥ ይዞ ሳለ ጉድለቱ ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነው አለ፤ ከዚያም አልፎ ምርመራውን ግዴታ ይሁን አለ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሙከራዎች ይህን ድምዳሜ አልደገፉትም።

ጓደኞቻችን እንደዚህ ያለ ጥናት ሲያነቡ ሦስት ነገር እንዲጠይቁ እንመክራለን። የመጀመሪያው፣ ያልታመመው ጐረቤትስ ተመርምሯል ወይ? ሁለተኛው፣ ሕመሙ ራሱ ጉድለቱን ሊያመጣው አይችልም ወይ? ሦስተኛው፣ መድኃኒቱን ያልወሰዱትስ እንዴት ሆኑ? እነዚህን ለመጠየቅ የሕክምና ዶክተር መሆን አያስፈልግም፤ የገበያ ሚዛን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሊጠይቃቸው ይችላል።

ወደ ተነሣንበት ቤት እንመለስ። የጓደኛችን እናት ሁለተኛ ሐኪም ዘንድ ቀርበው በእጁ መረመራቸው፤ ስለ ሥራቸውም ጠየቃቸው። ጡንቻቸው አልደከመም፤ የአጥንት መለስለስ ምልክትም አላገኘባቸውም። የዕለት ሥራቸው እንጀራ ጋግሮ መሸጥ ነው፤ ምጣዱም መሬት ላይ ስለነበረ ቀኑን ሙሉ አጐንብሰው ይውሉ ነበር። ምጣዱን ከፍ እንዲያደርጉት፣ መኝታ እንዳያበዙና በየቀኑ በእግራቸው እንዲንቀሳቀሱ መከራቸው። ወገባቸው ጨርሶ አልተዋቸውም፤ ነገር ግን «አሁን ቢያንስ የሚጠይቀኝ ሰው አገኘሁ» ይላሉ። ይህም ማስረጃ አይደለም፤ የተረክነው የደም ቍጥር ብቻውን የሰውን ኑሮ ሊነግረን እንደማይችል ለማሳሰብ ነው።

ከዚህ በላይ በጻፍነው ውስጥ ስሕተት ያገኘ መምህር ወይም ተማሪ ቢኖር በሚቀጥለው ቍጥር ቢያርመን እናመሰግነዋለን።